የሞላ ስም የከፈተው ገጽ

ኢንስፔክተር ሙሉሐብት ደብረ ታቦር ካለው የግል ክሊኒክ ሲደርስ የሞላ አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም። ሞላ ከጉና ግርጌ ሳል ጸንቶበት የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነበር። የፔኒሲሊን መርፌ እንደተወጋ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።

መርፌውን የወጋችው ነርስ ብርቱካን ታለቅሳለች።

«ኮምፒውተሩን አይቼ ነው የወጋሁት። ‹የማይስማማው መድኃኒት የለም› ይላል።»

የካርድ ክፍሏ ፈንታነሽ ተቆጣች። «‹ፔኒሲሊን አይስማማውም› ብዬ መዝግቤያለሁ። ይኸው፣ ራስዎ ይዩት!»

እውነትም መዝገቡ እንደዚያ ይላል።

የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራው ደጀን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «መዝገቡን ማንም አልነካውም፤ ጥፋቱ የነርሷ ነው» አለ።

«ገጹ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«በቅርብ የተመዘገቡት በሽተኞች ስም ከላይ ይደረደራል። ስሙን ሲጫኑት ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም መዝገቡን ከዳታቤዙ አውጥቶ ያሳያል።»

ሙሉሐብት የብርቱካንን ኮምፒውተር፣ ቀጥሎም የፈንታነሽን ሲመረምር ቆየ።

«ከሞላ ቀጥሎ የመዘገብሽው ሰው አለ?»

«አዎ፣ አንዲት እርጉዝ፤ ወዲያው ነው የመጣችው።»

ሁሉንም ከሟቹ አባት ከአቶ አያሌው ጋር ሰበሰባቸው።

«ሁለቱም ሴቶች እውነት ተናግረዋል» አለ። «ብርቱካን ዝርዝሩን የከፈተችው ሞላ ከመሞቱ በፊት ነው፤ አሁንም እንደተከፈተ ነው። እዚያ ላይ የሞላ ስም ሲጫኑት ከሰርቨሩ የሚጠራው የካርድ ቁጥሩን ሳይሆን ‹በዝርዝሩ አንደኛ የሆነውን› ነው። ገና ስሙን ሳትጫነው እርጉዟ ተመዘገበች፤ አንደኛዋ እሷ ሆነች። ብርቱካን የሴትዮዋን መዝገብ አነበበች፤ የሚከፈተው ገጽ ስም ስለማይጽፍ አላወቀችም። ፈንታነሽ አሁን በከፈተችው ዝርዝር ላይ ግን ያው ስም የሚጠራው የካርድ ቁጥሩን ነው። ስለዚህ ሞላ ከሞተ በኋላ ፕሮግራሙን ያስተካከለ ሰው አለ። ደጀን፣ ካንተ ሌላ ይህን ማን ይችላል?»

ደጀን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ስህተቱን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ገጹ ሥራ ሲጀምር ሁሉም አጨብጭበውልኝ ስለነበር ተሳስቻለሁ ማለት አፈርኩ። ዛሬ ሲሞት ደንግጬ አስተካከልኩት።»

«ብርቱካን ስትታሰርስ ዝም ልትል ነበር?»



አቶ አያሌው ትክ ብለው አዩት። «ማፈርስ አሁን ነው፣ ልጄ» አሉት።

ፖሊሶቹ ደጀንን ይዘውት ወጡ። ብርቱካን ነጻ ብትባልም ቀና ማለት አልቻለችም። ሄዳ ከሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ሞላ እኮ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ያውቅ ነበር። ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ነቅዬ አንድ ቃል ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።»

ሽማግሌው ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መልሰው ሰበሰቡት።