ባዶ የማይሆነው ካዝና

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ... በጣቴም ነክቼዋለሁ።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ በበራችን ገብታ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ድረስ ተዘርግታ ነበር።

የምሠራው የጥበቃ ሠራተኞች ጠመንጃ በሚጠገንበት ወርክሾፕ ነው። አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዳሩ ላይ ብረት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ። ጥግ ላይ አሸዋ የሞላው በርሜል አለ። ተጠግኖ ያለቀ ጠመንጃ ቃታው የሚሳበው ወደዚያ አሸዋ ብቻ ነው። ባዶም ቢሆን።

አለቃችን ሽማግሌ ናቸው። ጠባቂዎቹ ከጀርባቸው "አባ ጣት" ይሏቸዋል። ማንም ሰው ጠመንጃው ባዶ ነው ሲላቸው መልሳቸው አንድ ስለሆነ ነው።

"ዓይን ይዋሻል። ትንሿን ጣትህን ክተት።"

ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ ማለታቸው ነው። እኛ ጉሮሮ እንለዋለን።

የዚያን ቀን ወንድም ጋሼ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው።

"ሙሽሪት! አለሽ?" አለ ገና ከበሩ።

ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ያወጣልኝ ስም ነው። ሲቀልድብኝ እንደ ሴት ነው የሚጠራኝ።

"አለሁ።"

"አዲስ ጠመንጃ ሰጡኝ። አዲስ ስልሽ የአያታችን እኩያ ናት።" ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። "ጥይት ስትጨርስ መዝጊያዋ ወደ ኋላ ቀርቶ መቆም ነበረበት አይደል? እሷ ግን ዝግት ትላለች። ማታ ጥበቃ ይዣት ስለምገባ ቶሎ በይ።"

"የማን ነበረች?"

ሳቁ ቀነሰ።

"የዚያ... ባለፈው የሞተው ጠባቂ።"

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌቦች መጡበት። ተኮሰ፣ ተኮሰ። መዝጊያው ስለተዘጋ አንዲት ጥይት የቀረችው መሰለው። ከተከለለበት ወጣ። ቃታውን ሳበ...

ቀጭ።

ባዶ ነበረች።

ስለዚህ ይህ ለእኔ ተራ ጥገና አልነበረም። ካልሠራሁት ወንድሜም እንደዚያ ሰው አንድ አለኝ ብሎ ይወጣል።

ብልሽቱ በአሮጌ ካዝና፣ ማለትም በጥይት መያዣው፣ ላይ የተለመደ ነው። ካዝናው ውስጥ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ገፊ እንለዋለን። ከሥሩ ሞላ አለ። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ገፊው እስከ ላይ ይመጣና አንዲት ትንሽ ጥርስ ያነሳል። ጥርሷ መዝጊያውን ይዛ ታቆመዋለች። ሞላው ከደከመ ወይም ገፊው ከተበላ ግን ጥርሷ አትነሳም፤ መዝጊያው ባዶውን ይዘጋል።

መጀመሪያ ሌላ ካዝና ገጠምኩላትና መዝጊያውን ሳብኩ። ቆመ። ጠመንጃዋ ደህና ናት ማለት ነው። ሕመሙ ያለው አሮጌው ካዝና ላይ ነው።

ፈታሁት። ሞላውን ቀየርኩ። ገፊውን ከአዲስ ጋር አስተያየሁት፤ አልተበላም። የተጣመመውን የካዝናውን ከንፈር በጉጠት አቃናሁ። ገጠምኩ። ሳብኩ።

ዝግት አለ።

ካዝናውን አውጥቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ገፊው እስከ ላይ አልደረሰም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል...

አንዲት ጥይት በላዩ ስትኖር እንደሚቆመው።

በላዩ ግን ምንም የለም።

በካቻቢቴ ገፋሁት። ወረደ። ለቀቅኩት። ተመልሶ መጥቶ እዚያው ቆመ።

ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት።

ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ።

"ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለ ወንድም ጋሼ።

"ምንም... ሞላው ነው መሰለኝ።"

"እስቲ አምጪልኝ።"

ካዝናውን ነጥቆኝ ገጠመና ጠመንጃዋን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። አቀባበለ። ፀሐይ ከጀርባው ነበረች፤ ጥላው ረዝሞ ኋለኛው ግድግዳ ላይ ቆሟል። አፈሙዙን ወደ ጥላው አዞረ።

"አንተ ሌባ! እጅ ወደ ላይ!"

"ተው ወንድም ጋሼ... ወደ አሸዋው ነው የሚሳበው..."

"ባዶ ናት እኮ፣ አንቺ ፈሪ።"

ሳበ።

ቀጭ።

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ደረቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

"በዚህ ሙቀት ብርድ ገባኝ..." አለ።

አለቃችን እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከጓሮ ገቡ።

"ማነው የሳበው?"

"ባዶ ናት አባባ" አለ ወንድሜ።

"ጣት ገብቷል?"

ወንድሜ እኔን አየ።

ጠመንጃዋን ተቀብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ና። ክተት።"

መዝጊያውን ወደ ኋላ ይዤ መጀመሪያ በባትሪ አበራሁ። ጉሮሮዋ ባዶ ነው። ምንም የለም። ከዚያ ትንሿን ጣቴን ከተትኩ።

አልገባም።

አንድ ነገር ከለከለው። ክብ። ለስላሳ። የጥይት ቂጥ...

ሙቅ ነበር።

"አባባ..." አልኩ።

እሳቸውም ጣታቸውን ከተቱ። እሳት እንደነካው ሰው መንጭቀው አወጡት። መዝጊያውን ለቀው አፈሙዙን ወደ በርሜሉ አዞሩና ሳቡ።

ቀጭ።

ሌላ ድምፅ የለም። ጭስ የለም።

ከዚያ... ሽሽሽሽ...

ከበርሜሉ ሆድ ላይ እንደ ክር የቀጠነ አሸዋ መፍሰስ ጀመረ።

"በርሜላችሁ ዝጓል፤ ቀይሩት እንጂ" አለ ወንድም ጋሼ።

አለቃችን ጠጋ ብለው አንሾካሾኩልኝ።

"ቅድም ወዴት ነው የሳበው?"

"ወደ ግድግዳው... ወደ ጥላው።"

"ግድግዳውን እይ።"

ሄጄ አየሁ። በመዳፌም ዳሰስኩት። ኖራው እንዳለ ነው።

"ቀዳዳ አለ?"

"የለም።"

"ደህና አድርገህ እይ!"

"የለም አባባ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እና የት ሄደች?"

ካዝናውን አውጥተው ሞርሳው ውስጥ ከተቱትና ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አጠበቁበት። ብረቱ እንደ ጣሳ ተጨፈለቀ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተደፈጠጠም። መሃሉ ላይ አንዲት ጥይት የምታህል እብጠት ቀረች። ያችን እብጠት መዶሻም አላወረዳትም።

ለወንድሜ ያንን ደህናውን ካዝና ሰጡት። ገጥሞ አቀባበለ። መዝጊያው ወደ ኋላ ቀርቶ ቆመ።

"ይኸው! ዳነች!" አለ። ጠመንጃዋን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። በሌላው እጁ አሁንም ደረቱን ያሻል።

"ዛሬ አትግባ" አልኩት።

በሕይወቴ አዝዤው አላውቅም። ገርሞት አየኝ።

"ማን ሊገባልኝ? አንቺ?"

"እባክህ... ዛሬን ብቻ።"

"ሥራዬን ልታስነጥቂኝ ነው? ይልቅ ጠዋት ሻይ አፍልተሽ ጠብቂኝ።"

በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና እጁን አነሳልኝ። ፀሐይ ከጀርባው ነበረች። ጥላው ወለሉን አቋርጦ እግሬ ሥር ደረሰ።

የጥላው ደረት ላይ...

አንዲት ክብ ብርሃን ነበረች። የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል።

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። ሸሚዙ ደህና ነው። ደረቱ ደህና ነው። ይስቃል።

ዓይን ይዋሻል...

ተንበረከክኩ። ወለላችን ሲሚንቶ ነው። ትንሿን ጣቴን ብርሃኗ ላይ አስቀመጥኩ።

ጣቴ...

ገባ።