ትልቋ በትንሿ ጀርባ

«ጉንፋኑ ከለቀቃት እግሯን ምን ያዘው?»

አያት ጥያቄውን ለማን እንዳቀረቡት አይታወቅም። አንዴ ለድስቱ፣ አንዴ ለመስኮቱ፣ አንዴ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ ሽንኩርት ለምትልጠው ለትንሿ የልጅ ልጃቸው ይወረውሩታል።  ሳሉ ቆሟል፤ ትኩሳቱ ወርዷል፤ ትልቋ ልጅ ግን ከአልጋ የተነሣችው ሌላ ሰው ሆና ነው።

«ደክሟት ነዋ፣ እማማ» አለች ትንሿ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ።

ቤት ውስጥ «ፌንጣ» ነው የሚሏት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። ታላቅ እህቷ ደግሞ «ቄንጤ» ናት፤ ስሙን ያወጣላት አረማመዷ ነው። አሁን ግን ቄንጤ ስትራመድ እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ግድግዳውን በጣቷ እየነካካች፣ ልክ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው ሆናለች። ይህን አብጠርጥራ የምታውቀው ፌንጣ ብቻ ናት። እናታቸው የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ በመሆኗ ስትወጣም ስትገባም ልጆቹ ተኝተው ነው። የአያትም ዓይን፣ ምን ይደረግ፣ እንደ ድሮው አያይም።

ዘዴውን ያመጣችው ቄንጤ ናት። ሁለተኛ ፎቅ እስካለው ቤታቸው ደረጃ መውጣት ሲያቅታት «ተወራርደን ፌንጣ ተሸነፈች፤ ቅጣቷ እኔን ማዘል ነው» ብላ አስወራች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ፌንጣ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ትሰጣታለች፤ ከዚያ እያረፉ፣ እያለከለኩ መውጣት ነው። ታች ያለው ባለሱቅ አይቷቸው ሲያበቃ ዝም አይልም።

«ፌንጣ፣ እኔስ ተራው መቼ ይደርሰኛል?»

አያትም በር ላይ ጠብቀው «ኧረ ጉድ! ትልቋ በትንሿ ትታዘል? ወገብሽ ይቀጭ እንዴ አንቺ!» እያሉ ይስቃሉ። ፌንጣም ትስቃለች። የእህቷ እግሮች ግን በግራና በቀኟ እንደ ባዶ ካልሲ ሲወዛወዙ ይሰማታል።

ዛሬ ጠዋት ሳቅ አልነበረም። ቄንጤ ፊቷን ስትታጠብ ሳሙናው እንዳያቃጥላት ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ዘጭ! ፌንጣ ሮጣ ገባች።

«ስጨፍን መሬቱ ይጠፋኛል» አለች ቄንጤ በሹክሹክታ። «እግሬ የት እንዳለ የማውቀው ሳየው ነው።»

«ለእማማ እንንገራት። ወይ ታች ቤት ላለችው ነርስ…»

«አንቺ! ትንፍሽ ብትይ እህቴ አይደለሽም። ፈተናው ሰኞ ነው። ሆስፒታል ካስተኙኝ ዓመቴ ተበላ ማለት ነው። ሰኞን ልለፍና ራሴ እናገራለሁ።»

«ግን እኮ…»

«በናትሽ አታካብጂው። ማይልኝ!»

ፌንጣ ማለች። አያት ደንግጠው ሲመጡ «ሳሙናውን መሬት የጣልኩት እኔ ነኝ» ያለችው እሷ፤ ቁጣውንም የተቀበለችው እሷው።

ማታ ራት ላይ አያት ሾርባውን ለቄንጤ አስጠጉላት። «ብዪልኝ የኔ እናት። ስላልበላሽ እኮ ነው ጉልበትሽ የከዳሽ።»

ቄንጤ ማንኪያውን አነሣች። ማንኪያው ተንቀጠቀጠ፤ በሁለት እጇ ያዘችው። ፌንጣ መብላቷን አቆመች። ትናንት ፀጉሯን የጎነጎነችላት በዚያው እጅ አልነበረም? ቄንጤ እንደ ምንም ብላ ጎረሰች፤ ሾርባው ግን አልወርድ አለ። ትን አላት፤ በአፍንጫዋ ወጣ።

«ቀስ በይ፣ ማን ይቀማሻል!» አሉ አያት ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ። 

«ፈጅቶኝ… ነው» አለች ቄንጤ። ቃሉ በአፍንጫዋ በኩል፣ ላላ ብሎ ወጣ።

ጠዋት ስትምል ሰኞ ለፌንጣ ቅርብ ነበር። አሁን ግን በጣም ራቀባት። ከእግር የጀመረው ነገር እጅ ላይ ደርሷል፤ ጉሮሮም ላይ። እስከ ሰኞ የት ይደርስ ይሆን? ደረጃውን አዝላ አውጥታታለች፤ ትንፋሽ ግን በጀርባ አይታዘልም።

ቄንጤ ሐሳቧ የገባት ይመስል ቀና ብላ አየቻት።

«ፌንጣ… ምለሻል።»

«ምን ብላ ነው የማለችው?» አያት አንዷን አይተው ሌላዋን አዩ። «ምን የደበቃችሁኝ ነገር አለ? ኧረ በፈጠራችሁ ንገሩኝ!»

ፌንጣ ተነሣች። ወደ ጎን እያዘነበለች የነበረችውን እህቷን ደግፋ አቃናቻት፤ የአያቷን እጅ ይዛ እህቷ ትከሻ ላይ አስቀመጠችና እንዳይለቁት ጫን አደረገችው። ቄንጤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው አፍጥጣባታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?» አሉ አያት።

ፌንጣ በሩን ከፈተችና በባዶ እግሯ ወደ ነርሷ ቤት ደረጃውን ወረደች።