ሰው ያለበት ቅድ

ባለሱቆቹ «ባለሻንጣዋ» ይሏታል፤ ከእሷ ቀድሞ በራቸውን የሚያልፈው ሁልጊዜ ሻንጣዋ ነውና። የወንዶች ኮት ትሰፋለች፣ የሰፋችውን በአውቶቡስ ጭና ከከተማ ከተማ ትናንሽ የልብስ ሱቆችን ታዳርሳለች። ትልልቆቹ መደብሮች የእሷን ዓይነቱን ከበር ነው የሚመልሱት። በትናንሾቹ ግን ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ፣ «እስቲ ግቢ፣ እንየው» የሚል አይጠፋም።

ከእነዚህ ወደ አንዱ ሱቅ መጀመሪያ የገባችው ዝናብ አባሯት ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ በአንዱ ወገን ኮት፣ በሌላው ሸሚዝ ተሰቅሏል። ጥጉ ላይ የባለሱቁ እናት ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ባለሱቁ ሹራብ ለብሶ ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል።

«ለባለቤትዎ ነው?» አላት።

«ባል የለኝም።»

«ለወንድምዎ?»

«ለማንም አይደለም። እኔ ልሸጥ ነው የመጣሁት።»

ብርዱ ጥርሷን እያንቀጫቀጨ «ሸ»ን አጠበቀባት። ኮት ልትሸጥ የመጣችው ሴት ራሷን ለገበያ አቀረበች ማለት ነው። እናትየው መርፌያቸውን አቆሙ።

«እንዲያ ከሆነማ እንገዛለን» አሉ።

የምትገባበት ጠፋት። እሱ ግን አልሳቀባትም። ናሙናውን ኮት ተቀብሎ ገለበጠና ገበሩን በጣቱ ዳሰሰ። ከውጭው በፊት ውስጡን የሚያይ ባለሱቅ ገጥሟት አያውቅም ነበር።

«የእጅዎ ሥራ ነው?»

«ስፌቱ የእኔ፣ ቅዱ የአባቴ ነው።»

«ስፌቱ አይቸኩልም» አለ።

እዚያች ሱቅ ውስጥ በዚያ ቀን የተናገረው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። እሷ ግን በመልሱ መንገድ ላይ መስኮቱን ተደግፋ ያቺን ቃል ስትደጋግማት ዋለች።

ከዚያ በኋላ በየወቅቱ መጣች። ኮት መስቀያ ላይ ሲሆን ሁሉም ቆንጆ ነው፤ ጉዱ የሚታየው ሰው ሲለብሰው ነው። ሌሎቹ ባለሱቆች ወይ ሆዳቸው ገፍቷል፣ ወይ ዕድሜያቸው አጉብጧቸዋል። ይሄኛው ግን ልክ መካከለኛው ቁጥር ስለሆነ፣ «እባክዎ ይልበሱልኝ፣ ልየው» ትለዋለች። ይለብስላታል። በለበሰ ቁጥር ግራ ትከሻው ላይ ጨርቁ ይሸበሸባል።

«ልጅ ሳለሁ ከዚያ መሰላል ወድቄ ነው» አላት አንድ ቀን፣ በአገጩ እያመለከተ። «ከዚያ ወዲህ ወረድ ብሎ ቀረ። ኮት አይሆነኝም። ለዚህ ነው በሹራብ የምውለው።»

ዕድሜውን ኮት እየሸጠ ኮት የማይለብስ ሰው! አንጀቷን በላው። ሽብሽቡን በመዳፏ ታስተካክልለት ጀመር። እሱ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፤ እሷም እጇን ማንሳት ያለባት መቼ እንደሆነ ይጠፋታል። ከጥጉ የመርፌው ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ቤቷ ስትመለስ የቅዱን ወረቀት ታወጣለች። የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ መቀሱን የያዘችው እሷ ናት። ያየችውን ሽብሽብ ለማጥፋት የግራውን ትከሻ ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች። በሚቀጥለውም ወቅት ትንሽ፣ በሌላውም ትንሽ። የአባቷን ቅድ እያሻሻለች ነበር የመሰላት። ብትጠይቋት በማተቧ ትምልላችሁ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሦስተኛው ወቅት ባለሱቆቹ ያዘዟትን ኮቶች በአውቶቡስ ላከችና ስልኩ መጮኽ ጀመረ። መጀመሪያ የደወሉት አንድ ሳቂታ ሽማግሌ ባለሱቅ ናቸው።

«ባለሻንጣዋ፣ ምን ነካሽ ልጄ? ደንበኛዬን መስታወት ፊት ባቆመው ግራው ወረደ። ቀና በል ስለው እሱ ቀና አለ፣ ኮቱ እንቢ አለ።»

እሳቸው ሳይዘጉ ሌላው ደወለ። ከዚያ ሌላው። አንዳንዱ ደንበኛ ገንዘቤን መልሱ እስከማለት ደርሷል። የአባትና የልጅ ስፌት ቤት ያለው ሀብት ደግሞ እነዚህ ባለሱቆች የሚያምኑት ስሙ ብቻ ነው።

አባቷ ወረቀቶቹን መስኮት አጠገብ ወሰዱና የግራውን በቀኙ ላይ አነባበሩት። አልገጠመም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉ። «እዚህ ቅድ ውስጥ ሰው አለ። ማነው?»

«ማንም የለም፣ አባዬ።»

«እኔ የኖርኩት ትከሻ ስቀድ ነው። ማንም የሌለበት ትከሻ እንዲህ አይወርድም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ክር መጠቅለል ቀጠለች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አልተቆጡም።

«ኮቶቹን ዞረሽ ሰብስቢ፣ አርመን እንመልሳለን» አሉ። «ከዚያ ወዲያ መንገዱን የአክስትሽ ልጅ ይያዘው። አንቺ እዚሁ መቀሱ ላይ ሁኚ። ልብሽ መንገድ ላይ ከቀረ ቤቱ ይዘጋል፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ከእንግዲህ በዚያች ጠባብ ሱቅ በር እንደማትገባ የገባት ግን ሻንጣውን ስትዘጋ ነው። ያን ጊዜ እንደምትወደው ለራሷ አመነች። የቀራት ይህ አንድ ዙር ብቻ ነበር። በዚህ ዙር የልባቸውን ካልተባባሉ፣ ከዚህ በኋላ በዚያች በር የሚያልፈው የአክስቷ ልጅ ነው።

የእሱን ሱቅ መጨረሻ አደረገችው። በየሱቁ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ኮት እየሰበሰበች፣ በሳቂታው ሽማግሌ እየተቀለደባት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ሻንጣዋ አልዘጋም ብሎ በገመድ ታስሯል።

ገባች። ኮት ለብሷል።

ኮቱ ትከሻው ላይ ተኝቷል፤ አንዲት ሽብሽብ የለውም። ቁመቱ የጨመረ መሰላት። ቆማ ቀረች።

«ከመጣለት ጀምሮ አላወለቀውም» አሉ እናትየው። «ሠርግ ተጠርተሃል ወይ ብለው፣ ዝም። ዝምታ ወርቅ ነው ቢሉት ይሄ ልጅ ወርቅ ቤት ከፈተ።»

«ለእኔ ብለው ለብቻ የሰፉት መስሎኝ ነበር» አለ እሱ። «ቀጥሎ ሌላውን ለካሁት። እሱም ልክ። ሌላውም ልክ።» ወደ ኮቶቹ ዞረ። «ሁሉም እኔ ናቸው።»

መቀሱ ነው፣ ጨርቁ ነው፣ ማሽኑ ነው ልትል ትችል ነበር። ደክሟት ስለነበር እውነቱን ተናገረች።

«አባቴ ቅዱ ውስጥ ሰው አለ፣ ማነው ሲለኝ፣ ማንም የለም አልኩት። ዋሸሁት። ትከሻ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ የእርስዎ ነው። ወድጄዎት ነው። የሚያሳዝነው፣ እኔ ሳላውቀው አገር ምድሩ ለብሶት ዞረ።» የሻንጣውን ገመድ መፍታት ጀመረች። «ኮቶቹን ልወስድ ነው የመጣሁት። ከእንግዲህ የሚመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ደህና ሰው ነው።»

እናቱ በመርፌያቸው ወደ እሷ ጠቆም አደረጉት፤ እሱ ግን ኮቶቹን ከመስቀያ እያወረደ፣ እጅጌያቸውን ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ አንድ በአንድ ይደረድርላት ጀመር። እንዲህ የሚታጠፈው ሄዶ የማይመለስ ዕቃ ነው ብላ አሰበች። ደንበኛ ፊት ግን አታለቅስም።

«የለበሱትስ?» አለችው።

«እሱ አይመለስም።»

ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ጣቢያ ሸኛት። መንገዱን ሙሉ ቃል አልወጣውም። መጀመሪያ አዘነች፤ ጣቢያው ሲቃረብ ተናደደች። ሰው «አልፈልግም» የሚልበት አንደበት እንኳ ያጣል? ሻንጣውን ለረዳቱ ሲሰጥ እጇን ዘረጋችለት።

«ደህና ይሁኑ።»

ጨበጣት። ገባችና በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ወደ ውጭ ላለማየት ዓይኗን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ ተከለች። ሞተሩ ተነሳ። አንድ ሰው ራሷ ላይ ቆመ።

«ጠጋ በይ» አላት።

ከዝናቡ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። ጠጋ አለች። ጎኗ ተቀመጠ፤ እግሩ አልታጠፍ ብሎ ከፊተኛው ወንበር ጋር ታገለ።

«ሱቁስ?» አለችው፤ ሌላ የምትለው አልመጣላትም።

«እማዬ አለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ትሸጣለች፤ ደንበኛ ታናግራለች።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አባትሽ፣ ‹ቅዱ ውስጥ ያለው ማነው?› ብለው ጠይቀው የለ? መልሱን ይዤ እየሄድኩ ነው። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ልጅዎን ይስጡኝ፣ መንገዷን ግን አይውሰዱባት እላቸዋለሁ። በመንገድ ነው ያገኘኋት።»

«ይሄን ሁሉ ይላሉ ብዬ በምን ልወቅ?» ልትል ፈለገች። አሁን ዝም ያለችው እሷ ሆነች።

«ቃል ሳወጣ እዘገያለሁ» አለ። «ስወድ ግን አልዘገየሁም። ገና ያን ቀን ነው የወደድኩሽ፤ ውሃው ከጸጉርሽ እየተንጠባጠበ እማዬ ስትስቅብሽ።»

እጁን ያዘችው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረ፣ ከጣቢያው ወጣ። ከፊታቸው ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩአቸውና ደግመው ወደ ፊት ዞሩ።

ትንሽ እንደሄዱ ያ ሁሉ ድፍረቱ ቀዝቀዝ ያለ መሰለ።

«አባትሽ ሲያዩኝ ምን የሚሉ ይመስልሻል?»

አሰበችበት።

«ምንም ከማለቱ በፊት» አለችው፣ «ኮትህን ያስወልቅሃል።»

«ኮትህን» ማለቷን የሰማችው፣ እሱ ሲስቅ ነው።