ሽምብራ የሌለው ቆሎ

ጣልያን ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ የጎንደር ግንብ ዘበኛ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ከምሥራቁ ካብ ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ዶፉ ወርዶባቸው ገላቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። ቆሎ ሻጯ ይመኙሽ ግን እንባ አልመጣላትም።

ሃያ ዓመት ግንቡ በር ላይ ስትሸጥ ጎረቤቷ እሳቸው ነበሩ። ጣልያን ፒያሳን ሲሠራ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ አዲስ ዓለም ሰፈርን ማን እንዳቀናው፣ በጨው በር ምን ይገባ እንደነበር፣ በእግራቸው እያዞሩ የሚያሳዩ ሰው ናቸው። ልጇ አለነ አባቱ የሞተ ጊዜም እጁን ይዘው ከተማውን ያዞሩት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አሥር አለቃ ማሩ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ከእንቅቧ ቆሎ ዘገነ።

«ምነው አሥር አለቃ፣ ጾም አይደለም?»

«ፖሊስና መንገደኛ አንድ ነው፣ እማማ» አለና እያላመጠ ወረቀት ፈታ። «ይኼ ከሟቹ መዳፍ የተገኘ ነው። ከእርስዎ የገዙት ነው?»

አየችው። የተፈተገ ገብስና ሱፍ። ሽምብራ የለበትም።

ሽምብራ የማይቀላቅል ቆሎ ሻጭ ጎንደር ውስጥ የለም። እሷም ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቅማ የምትቆላው ለአለነ ብቻ ነው። ከልጅነቱ አይወድም።

«ቆሎ ቆሎ ነው። በምን ይለያል?» አለች።

«ይሁን። ሰውየው ተይዟል። ዳኛው የሚባል የማክሰኝት ገበሬ ነው። ጠዋት ‹ጆንያህን ከበሩ አንሣ› ቢሉት ዱላ ሲያነሣባቸው ሰው አይቷል። ገድሏቸው በሰባት ሰዓት ማኪና ተሳፍሮ ሄደ።»

«ምን ይደርስበታል?»

«ገመድ ነዋ!»

አሥር አለቃው ሄደ። ይመኙሽ እንደተቀመጠች ቀረች።

አያ ኃይለ ጊዮርጊስ በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ተደውሎ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃም በአፋቸው አይዞር። ዘብ ትተው ስለማይሄዱ ከካቡ ሥር ብቻቸውን ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ይህን ቆሎ ሲዘግኑ ዳኛው ከከተማው ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ከረፋድ ጀምሮ አፉ የሚላወስ ፖሊስ ይህ ከየት ይታየዋል? እሷ ናት የምታውቀው። እሷና እመብርሃን።

ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ልጅ ያዘለች ባላገር ሴት አጠገቧ ቆመች።

«እናቴ፣ እስር ቤቱ በየት ነው? ባሌን ይዘውብኝ ነው።»

ይመኙሽ በእጇ አሳየቻት። ሴትዮዋ ከዓይን ከራቀች በኋላም እጇን አላወረደችም።

ቤት ስትገባ አለነ መደብ ላይ ተጋድሟል።

«የቋጠርሁልህ ቆሎስ?»

«በላሁት።»

«ከአያ ጋር?»

ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ደወሉ ሲደወል አካፈልኋቸው» አለ። «ከካቡ ሥር የነገሥታት ዕቃ አለበት የሚባል የተደፈነ በር አለ። ልጅ ሳለሁ አሳይተውኛል። አንድ ፈረንጅ እሱን ከከፈትህልኝ አስመራ ወስጄ ሥራ አስይዝሃለሁ አለኝ። ለመንኋቸው። ‹ያሳየሁህ እንድትጠብቀው ነው፤ አሁን ሄጄ ለግንቡ አለቃ እናገራለሁ› ብለው ተነሡ። ገፋኋቸው፣ እማ። አንድ ጊዜ ነው የገፋኋቸው።»

«ሌላ ሰው ታስሯል።»

«አውቃለሁ።»

እስከዚህች «አውቃለሁ» ድረስ ልጄ ነው ብላ ቁጭ ብላ ነበር። ነጠላዋን አነሣች።

«ወዴት ነው፣ እማ?»

በሩን ከፍታ ወጣች።

ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ አሥር አለቃ ማሩ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው።

«ያ ቆሎ የኔ ነው» አለች። «ለልጄ የቆላሁት ነው። ሟቹም በፍልሰታ ከዘጠኝ በፊት እህል አይቀምሱም። ሰውየውን ፍቱት። ልጄ ቤት ነው፣ ሂዱ።»

አላለቀሰችም። የተናገረችው ልክ የቆሎ ዋጋ እንደምትናገር ነው።

ማታውን ዳኛው ወጣ፤ አለነ ገባ።

በማግስቱ የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ሲሰማ ይመኙሽ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ጠባቂው ቋጠሮዋን ፈትቶ በጣቱ አገላበጠው።

«ሸጋ ቆሎ ነው» አለ። «ሽምብራ የለውም እንዴ?»

«አይወድም» አለች።