የኪላት የታጠፉ እጆች

ኪላት ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ከሰዓት፣ በሕፃናቱ ቤት ወለል ላይ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው ኦራንጉታን፣ ዛፍ ላይ የሚኖር ትልቅ የዝንጀሮ ዘር ግልገል ነበር። ደኑ ለዘንባባ እርሻ ሲመነጠር እናቱ ተገደለች፤ ወደ እንስሳት ማገገሚያው ጣቢያ የመጣውም ሬሳዋ ላይ እንደ ተጣበቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ጡጦ ያጠባችው ሞግዚቷ ማስኒያህ ናት። አሁን ኢንስፔክተር ደሄንን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለች ሐኪሟ ላክስሚ። «በር ላይ የነበረው ዘበኛችን ሱካርዲ ነው። ድሮ የእርሻው ዘበኛ ነበር። መርዞት ነው!»

ሱካርዲ በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማስኒያህ «ማስረጃ ሲያጡ ይለቁታል» እያለች ራሷን ታታልላለች።

ደሄን፣ ጡረታው የደረሰ የዳያክ ብሔረሰብ ሰው፣ ሬሳው አጠገብ በርከክ አለ።

«ዶክተር፣ እነዚህ ሲተኙ እጃቸውን ምን ያደርጉታል?»

«ይጨብጣሉ። የሰው አንገት፣ ቅጠል፣ ከታጣም የራሳቸውን ፀጉር። ከዛፍ እንዳይወድቁ ሲፈጥራቸው ነው።»

«መርዝ የበላስ?»

«ያስመልሰዋል፤ ይንፈራገጣል።»

ወለሉ ንጹሕ ነው። ደሄን ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«እትዬ ማስኒያህ፣ ስንት ልጅ አሳደጉ?»

«አምስት፣ ጌታዬ።»

«አልቃሻ ነበሩ?»

«የማያለቅስ ልጅ የት አለ?»

ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል። ፀጉሩ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተጨፍልቋል። ስለዚህ ተጠቅልሎ ነበር። የጣሪያው አግዳሚ አቧራ አንድ ቦታ ብቻ ተጠርጓል፤ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። ሊገድል የመጣ ሰው እሹሩሩ አይልም። ሱካርዲ የጃቫ ሰው ነው፣ ወልዶም አያውቅም። ዶክተር የባሊ ልጅ ናት። እትዬ ማስኒያህ ግን የባንጃር ብሔረሰብ ናቸው። ሕፃን አልተኛ ሲል በተንጠለጠለ ጨርቅ አስቀምጣ፣ እጁን አጣጥፋ፣ እስከ አንገቱ ጠቅልላ የምትወዘውዘው የባንጃር እናት ናት። ሚስቴ ባንጃር ናት፤ ልጆቼ ሁሉ እንዲያ ነው የተኙት። የሰው ልጅ ያንቀላፋል። ይሄ ግን የሚጨብጠው ሲያጣ ታገለ፣ ተንሸራተተ፤ ጨርቁ አንገቱ ላይ ቀረ።»

ማስኒያህ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሦስት ቀን አልተኛም ነበር» አለች እያነባች። «ጡጦ ላሞቅለት ወጣ ብዬ ስመለስ… ልጆቼን ያሳደግሁበት ጨርቅ እኮ ነው! ከሌሎቹ ሕፃናት ይለዩኛል ብዬ ፈራሁ። ይሄን ምስኪን አሳሰርኩት።»

ደሄን ወደ ሱካርዲ ዞረ።

«በር ላይ ነበርክ። እትዬ ማስኒያህ ጨርቁን ሲፈቱ አይተሃል። ምነው ዝም አልክ?»

«የኪላትን እናት የተኮስኳት እኔ ነኝ» አለ ሱካርዲ። «ያኔ የያዘኝ የለም። ዛሬ ሲይዙኝ፣ ይገባኛል ብዬ ነው።»

ማስኒያህ ልትረግመው አፏን ከፈተች፤ በየትኛው አፏ ትርገመው? ደሄን ካቴናውን ፈታለት። ወዲያው ሌሎቹ የኦራንጉታን ሕፃናት ነቅተው አለቀሱ። ማስኒያህ እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ እጆቿን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች።