ሚካኤል ደጃፍ የቆመችው መኪና

የመንገድ ደኅንነት ተቆጣጣሪው የውበቱ አስከሬን ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኩርባው ላይ፣ ነጠላ ተጥሎበት ተጋድሟል። የገጨችው ራሷን የምትነዳ የሙከራ መኪና አፍንጫዋ ተጨፍልቆ እልፍ ብላ ቆማለች። ከጮቄ የወረደው ጉም ሁለቱንም ሊውጣቸው ምንም አልቀረው። ኢንስፔክተር ትሕትና ጉም አትወድም፤ የውሸታም ሁሉ ማመካኛ ነው ትላለች።

«ከማርቆስ ከተማ ባዶዋን ነበር የተላከችው» አለ የሙከራው ኃላፊ አምደሚካኤል፣ ከቅርቡ የሙከራ ካምፕ በእግሩ ደርሶ። «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው።»

ፕሮግራሙን የጻፈው ዑበይዱላህ ወደ ፊት ወጣ። ፖሊሶቹ ካቴናውን ከወዲሁ አዘጋጅተውለታል።

«ሰው፣ ከብት ወይም መኪና ካየች ትቆማለች። ከዚያ ውጪ ለምንም አትቆምም» አለ። «እንዴት እሱን ሳታይ እንደቀረች አላውቅም።»

መኪናዋ ብትሳሳት መሪውን እንዲይዝ የተቀጠረው ሹፌር አንሙት «ዛሬ ዕረፍ ተብዬ ነው የቀረሁት» አለ። መኪናዋ ከተሳካላት እንጀራው ይቀራልና ዓይን ሁሉ ወደ እሱም ዞረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ትሕትና ሦስቱንም ጠረጠረች።

በመንገዱ ወደ ኋላ ተመልሳ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። የኔታ አካለ ወልድ ከቅጥሩ ሥር ዜማ ያስተምራሉ።

«የኔታ፣ መኪናዋን አይተዋታል?»

«ጉሙ ውስጧን ከለለብኝ እንጂ አይቻታለሁ፣ ልጄ። ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ሄደች።»

«የሚሻገር ሰው ነበር? ከብትስ?»

«ኧረ ማንም! እንደ ሰው ተሳልማ አለፈች። የዛሬ መኪና ደግ ነው።»

ትሕትና የዑበይዱላህን ቃል አስታወሰች፤ «ለምንም አትቆምም»።

በማግስቱ ሦስቱንም በሁለተኛዋ የሙከራ መኪና ሰበሰበቻቸው። አንሙት መሪው ፊት፣ አምደሚካኤል ከጎኑ፣ እሷና ዑበይዱላህ ከኋላ ተቀመጡ። መኪናዋ በራሷ እየሄደች ሚካኤል ደጃፍ ስትደርስ ትሕትና በወንበሮቹ መካከል አጎንብሳ እግሮቻቸውን አየች። መኪናዋ ሳትቆም አለፈች። ኩርባው ላይ ሲደርሱ አስቆመቻት።

«ይቺ መኪና ቤተ ክርስቲያን አታውቅም» አለች። «የትናንቷ ግን ቆማለች። ስለዚህ ሰው ነድቷታል፤ ያውም ሚካኤልን የሚሳለም ሰው። ዑበይዱላህ ሙስሊም ነው፤ አይቆምም። አንሙት ይሳለማል፤ ግን ፍሬን ከነካ ሙከራው ይበላሽበታልና አንገቱን ብቻ ዝቅ ማድረግ ለምዷል። አሁንም እግሩ አልተነቃነቀም። እርስዎ ግን፣ አቶ አምደሚካኤል፣ የሌለ ፍሬን ረገጡ።»

አምደሚካኤል ሊስቅ ሞከረ። «እግር ምስክር ይሆናል?»

«ብቻውን አይሆንም። በውበቱ መዝገብ ላይ እንዳነበብኩት፣ ደጀን ከተማ ላይ መኪናዋ አንዲት እናት ማቁሰሏን ደብቀዋል። ውበቱ ደርሶበት ሊያጋልጥዎ ነበር፤ እዚህ ኩርባ ላይ ቆሞ ሙከራውን እንደሚከታተልም ያውቁ ነበር። አንሙትን ዕረፍ ያሉትም እርስዎ ነዎት። ሰው ገድለው፣ በዚህ ልጅ ላይ ሊያላክኩ!»

ዑበይዱላህ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

«ሊገድሉ እየሄዱ ቆመው ተሳለሙ» አለች ትሕትና። «ለመሆኑ ሚካኤልን ምን ብለው ለመኑት?»

አምደሚካኤል በመስኮቱ ኩርባውን አየ።

«ከውበቱ ጋር እዚህ አታገናኘኝ ብዬ» አለ።