ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም

እውነት ነው። የሚጠራጠር ይለፈው፣ ለመከራከር ጊዜ የለኝም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይዋ ውጭ አናት ትበሳለች። እኔ ግን ምድር ቤት ነኝ፣ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ።

ሥራዬ ኢንሹራንስ ነው። ሰው ለመኪናው ቴፕ፣ ለስክሪኑ፣ ለካሜራው ኢንሹራንስ ሊገባ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ አያለሁ። ዕቃው በደንብ ታስሯል? መኪናው የሌባ መከላከያ አለው? ከሌለው አንፈርምም። በቃ።

የዛን ቀን የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ። ከጠዋት ጀምሮ መኪናቸውን አቁመው ሲጠብቁኝ ነበር። መኪናው አሮጌ ነው፣ ስክሪኑ ግን አዲስ።

"ተሰርቀው ያውቃሉ አባባ?"

"ሞክረዋል፣ ልጄ። ግን አንዲት ብሎን አልወጣችም።"

"አላርም አለው?"

"አላርም ምን ያደርጋል? እሱ ይጮኻል፣ ሰው ይተኛል። የኔ በር ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። ሌባው ይግባ፣ ምን ቸገረኝ። መውጣቱ ላይ ነው ጉዱ።"

ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም።

"ግቢና እዪው።"

ገባሁ። በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው... የተኛ ልጅ እንዳይነቃ እንደሚዘጋ ሰው።

ቀጭ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ወንበሩን ነው። ሞቋል። ሰው ገና አሁን የተነሳበት ይመስል።

ከዛ የበሩ እጀታ። ዙሪያው ተቧጥሯል። በቁልፍ አይደለም... በጥፍር።

"አባባ፣ ጨርሻለሁ። ይክፈቱልኝ።"

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል።

መስታወቱን ደበደብኩ። ክላክሱን ተጫንኩ። ጆሮዬን ቀደደኝ... እሳቸው ግን አልዞሩም።

ዘበኛችን በዛ በኩል መጣ። ቀልደኛ ነው፣ በኔ ካላሾፈ ቀኑ አይመሽለትም። ተመስገን አልኩ። ፊቱ ፊት መስታወቱን መታሁ።

ጎንበስ አለ። አየኝ ስል... በመስታወቱ ኮፍያውን አስተካከለ። ጥርሱን አየ። ሄደ።

ክው አልኩ።

ያኔ በሩ ላይ ካለው ስፒከር ሰማሁት። ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ሞተሩም ጠፍቷል።

"አትጩኺ..."

"ማነው?"

"ቀስ። አየሩን ትጨርሺዋለሽ።"

"የት ነህ?"

"እዚሁ።"

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ቴፑን ልፈታ ገብቼ ነው።"

"መቼ?"

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ያኔ... ካሴት ነበር የሚጎርሰው።"

እጀታውን ደግሜ ሳብኩት።

"ሰውዬው ይከፍታል" አለ። "አዲስ ሰው ሲገባ ይከፍታል። መኪናውን ባዶ አድርጎት ግን አያውቅም። አንድ ሰው ይቀራል።"

"እኔ ሌባ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅ አለችኝ። ከትምህርት ቤት የምወስዳት እኔ ብቻ ነኝ።"

"እኔም ልጅ ነበረችኝ" አለ በሹክሹክታ። "አሁን እሷም ወልዳ ይሆናል።"

አሳዘነኝ። በዛ ጭንቅ ውስጥ፣ ሰው ሲባል ጅል ነው፣ አሳዘነኝ።

ሽማግሌው ዞሩ። እጃቸው እጀታው ላይ አረፈ።

"ይቅርታ" አለኝ ድምፁ። አሁን ከስፒከሩ አይደለም... ከጆሮዬ ሥር ነው።

ቀጭ።

ተስፈንጥሬ ወጣሁ። የያዘኝ የለም። እግሬ ሲሚንቶውን ሲረግጥ እንባዬ መጣ።

"እንዴት ነው?" አሉ ሽማግሌው፣ ፊቴን ትክ ብለው እያዩ።

"ደህና ነው" አልኩ።

ድምፄ ጎርንኗል። ከጩኸቱ ነው አልኩ ለራሴ።

በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው።

ዞር ብዬ አየሁ።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣለች። የኔን ሹራብ፣ የኔን ፊት ለብሳለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በመዳፏ መስታወቱን ትመታለች።

ምንም አይሰማም።

እጄን ወደሷ ዘረጋሁ... የሆነ ነገር ጨብጫለሁ።

ካቻቢቴ ነው፣ ቴፕ መፍቻ። የእንጨት እጀታው በመዳፌ ልክ አልቋል።